አምባላይ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ሴቷ

ዘንድሮ የካቲት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ዳንግላ ላይ በሚያስችለው የሥራ ክርክር ችሎት አንድ ጠበቃ ተነሥቶ፣ ደንበኛው የሆነው ፋብሪካ አድማ የመቱ ሠራተኞች የትም እንዳይቀጠሩ ዝርዝር በትኗል መባሉ ሐሰት እንደሆነ፣ በማስረጃነት የቀረበው ወረቀትም የፈረሶች ዝርዝር እንደሆነ ለፍርድ ቤቱ አስረዳ።

እኔ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ፈረሶች» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ ቆርቆሮውን የያዙትን ምስማሮች መቁጠር ጀመርኩ። ችሎት ውስጥ ሳቅ ሲመጣብኝ የማደርገው ይህንን ነው። ብዙ ዓመት ሠርቶልኛል። የዚያን ቀን አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ተሸነፍኩና ሳል አስመሰልኩት።

ፋብሪካው ከዳንግላ ወጣ ብሎ ያለ ብስኩት ጋጋሪ ነው። ስሙን አልጽፍም። አምና ጥቅምት ላይ ሠራተኛውን ከየመንደሩ የሚያመላልሰውን ሰርቪስ አቆመ። የጠዋቱ ፈረቃ የሚገባው ገና ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ይመጣል። የሠራተኛ ማኅበሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። ስለዚህ አዋጁ በሚያዘው መሠረት ከአሥር ቀን በፊት ለፋብሪካውም ለሚመለከተው የመንግሥት ቢሮም አስታውቆ በኅዳር ሥራ አቆመ። ደብዳቤዎቹን አይቻቸዋለሁ። ቀንም ማኅተምም አላቸው። አድማው ሦስት ቀን ቆየ፤ በአራተኛው ቀን ሰርቪሱ ተመለሰ። ዜናውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት አንቀጽ ነበር፤ የሚያስቅ አንድ ቃል አልነበረበትም።

የሚያስቀው ነገር የተፈጠረው በአድማው ሁለተኛ ቀን ነው፤ እኔ አልነበርኩም። ከሦስት ሰዎች ለየብቻ ሰምቼዋለሁ፤ ሦስቱም የሚናገሩት አንድ ነው።

ሠራተኛው ከበሩ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ሳለ የፋብሪካው ጥበቃ እስክሪብቶና አንድ ሉክ ወረቀት ይዘው ብቅ አሉ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ያህል የቀራቸው፣ አማርኛን ከሥራ የተማሩ፣ በአዊኛ ሲናገሩ ግን አገር የሚያዳምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። የሰው ኃይል ኃላፊው «እዚያ ውጭ የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ መዝግብልኝ፣ ሰርቪሱ ሲመለስ ወንበር እንድንደለድል» ብሏቸው ነው የወጡት። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ወጡ። ሰርቪሱ ሊመለስ ነው!

በእኛ አካባቢ የመዝገብ ስም የሚባለው ነገር ለትምህርት ቤትና ለባንክ ነው። ገጠር ውስጥ ቤት የሚታወቀው በፈረሱ ነው። ቀይ ቡናማ ፈረስ ያለው ዳማው ቤት፣ ግንባረ ነጭ ፈረስ ያለው ቦራው ቤት ይባላል፤ መንገድ የጠየቀ እንግዳም የሚመራው እንደዚሁ ነው። ጥበቃውም አገሩ በሚያውቀው መንገድ መመዝገብ ጀመሩ።

«የማን ቤት ነሽ አንቺ?»

«የአምባላዩ ቤት፣ አባባ። ከወንዝ ማዶ።»

«የነጩ ፈረስ! ውይ፣ ያባትሽን ግንባር ይዘሽ እንዴት ሳላውቅሽ ቀረሁ?»

«አባባ፣ በመስኮት በኩል ያድርጉልኝ።»

«መስኮት አልቋል። ዳማው ወስዶታል።»

«ዳማው እኮ አውቶቡስ ላይ ያስመልሰዋል! ለእሱ መስኮት ምን ያደርግለታል?»

«ለዚሁ ነዋ የሰጠሁት!»

ሣሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተንከተከተ። ልጅቷ በማሸጊያ ክፍል አራት ዓመት የሠራች ናት። ታናሽ ወንድሟም እዚያው ሊጥ ክፍል ስለሚሠራ፣ እንዳይምታታ ብለው ጥበቃው ጥንቅቅ ባለ ጽሕፈት «አምባላይ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ሴቷ» ብለው ጻፉ። ሁለት መስመር ከፍ ብሎ «ዳማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መስኮት» ይላል። አሥራ አንድ ሰው መዘገቡ። ሌሎቹ ቆሎ ሊያመጡ ሄደው ነበር፤ ተመልሰው ሲመጡም እኛን ለምን ዘለላችሁን ብለው ተቆጡ።

በጥር ወር አሥራ አንዱም ሰዎች ከሥራ ተሰናበቱ። ደብዳቤው «የሥራ መቀነስ» ይላል። ሣሩ ላይ ከተቀመጡት ሁሉ ሥራው የቀነሰው ለአሥራ አንዱ ብቻ ነበር። ያመለጡትም ጥበቃው ያልጻፏቸው ናቸው፤ የአምባላዩን ወንድ ልጅ ጨምሮ። እሱ በዚያን ሰዓት ቆሎ ፍለጋ ነበር።

ልጅቷ ሥራ መፈለግ ጀመረች። የመጀመሪያው ቦታ እንጅባራ፣ ኮሶበር መናኸሪያ አለፍ ብሎ ያለ ብሎኬት ማምረቻ ነው። ጠያቂው የትምህርት ማስረጃዋን አየ፣ ጤንነቷን ጠየቀ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«እቤታችሁ ፈረስ አለ?»

«አለ።»

«ምን ዓይነት?»

«አምባላይ።»

«እናሳውቅሻለን።»

እየገረማት ወጣች። ሁለተኛው ቦታ ዘይት መጭመቂያ ነው። እዚያም ስለ ፈረስ ተጠየቀች። የፈረስ ፍቅር ያላቸው ሰዎች መስለዋት ስለ አምባላዩ ጠባይ በሰፊው አወራች፤ ግልቢያውን፣ ጨው መውደዱን፣ ዝናብ መጥላቱን። ጠያቂው ጨርሳ እስክትወጣ አንድ ቃል አልጻፈም። ሦስተኛው ቦታ ድንች የሚያሽግ ድርጅት ነው። እዚያ ያለው ሥራ አስኪያጅ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ ቴሌግራም ከፈተና ወደ እሷ አዞረው።

«እህቴ፣ አንቺ የአገሩ ልጅ ስለሆንሽ እንዲያው ብትረጂኝ። አምባላይ ምንድን ነው?»

አየችው። የጥበቃው ጽሕፈት ነው። ከሥሩ ከፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ስልክ የተላከ አንድ መስመር አለ፦ «እነዚህን አታስገቡ።»

እኔ ብሆን እዚያው እጮህ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ «ነጭ ፈረስ ማለት ነው። ይህ እኮ ያገሬው ሰው ብቻ የሚገባው ነው፤ ቢልኩልኝ አንድ በአንድ ተርጉሜ እሰጥዎታለሁ» አለችው። ሰውየው አመስግኖ ላከላት። ማስረጃው ፍርድ ቤት የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። ይህንን ስትነግረኝ ዳንግላ አንድ ሻይ ቤት ነበርን፤ ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ሳቅን። አስተናጋጇ መጥታ ሰው ሞቶባችሁ ነው ወይ አለችን።

አንድ ነገር ያኔ ዜናው ውስጥ አላስገባሁም፤ የነገረኝ ሰው ስለለመነኝና ሁለተኛ ምንጭ ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ እሱም ስለፈቀደልኝ ልጻፈው። የተባረረው ባለ ዳማ፣ ያ መስኮት የተሰጠው ሰው፣ ፈረሱን አዲስ ቅዳም ገበያ ሸጦ በቅሎ ገዛ። ከዚያ ዘይት መጭመቂያው ጋር ለሥራ ቀረበ።

«ፈረስ አለህ?»

«የለኝም። በቅሎ ነው ያለኝ።»

በማግሥቱ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ ክሱ የቀረበው በአምባላዩ ልጅ ስም ነው። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ወደ ሥራዋ እንድትመለስና ዝርዝሩ ከየደረሰበት እንዲነሣ። ማኅበሩ ያቆመላት ጠበቃ ክርክር አጭር ነው፦ ሕጉን ተከትሎ በተደረገ አድማ መሳተፍ ለስንብት ምክንያት አይሆንም። አዋጁን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ስለሚበተን ዝርዝር ግን በቀጥታ የሚናገር ቃል አላገኘሁበትም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቷ የአድማ መቺዎች ዝርዝር ከሆነች ስንብቱ ለምን እንደሆነ ይታወቃል። የፈረሶች ዝርዝር ከሆነች ደግሞ ልጅቷ በእጇ ምንም የለም።

የፋብሪካው ጠበቃ ሰነፍ አልነበረም። ፈረሶቹ በተደጋጋሚ ግቢ እየገቡ ዱቄት ስላበላሹ፣ ፋብሪካው ለሌሎች ድርጅቶች በበጎ ፈቃድ ማስጠንቀቂያ መላኩን በዝርዝር አስረዳ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ጋ ዳማ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መስኮት ይላል። ዳማው መስኮት ምን ያደርግለታል?»

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ይህ ፈረስ አንገቱን በመስኮት እያስገባ ነበር የሚበላው።»

«ሴቷ የሚለውስ?»

«ባዝራ ለማለት ነው።»

እንደገና ወደ ምስማሮቹ ተመለስኩ። ዳኛዋ ወረቀቱን የጻፉት ጥበቃ በሳምንቱ ቀርበው እንዲመሰክሩ አዘው ችሎቱ ተነሣ።

ባሕር ዳር ላለው አዘጋጄ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር።

«ከሳሿ ሰው ናት ፈረስ?» አለኝ።

«ከሳሿ ሰው ናት። ተከሳሹ ፈረስ ናት እያለ ነው።»

«አንተ፣ ጠጥተሃል?»

«ገና አምስት ሰዓት ነው።»

«አጣራና ደውል።»

አጣራሁ። በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። አባትየው ያለ ብዙ ጥያቄ ወደ ጋጣው ወሰዱኝ። አምባላዩ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ወንድ ነው። ደብተሬ ላይ «ወንድ፤ በዓይን ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። አባትየው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው የጋጣውን ምሰሶ ይዘው ቁጭ አሉ። ሳቃቸው ፈረሱን አስደነበረው።

ልጅቷ ግን የዚያን ቀን አልሳቀችም። ያሳሰባት ሌላ ነው፤ ጥበቃው አሁንም የፋብሪካው ሠራተኛ ናቸው፤ ለጡረታ የቀራቸው ደግሞ ዓመት አይሞላም። ዝም ካሉ፣ ወይም «አዎ የፈረስ ነው» ካሉ፣ ሁሉም ነገር አለቀ። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደን አገኘናቸው። አጥር እያጠበቁ ነበር።

«አባባ፣ እንዲመሰክሩልኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ ያቺ ወረቀት ለሰርቪስ መስላኝ ነው። እንቅልፍ ነሥታኛለች። ግን ምን ላድርግ? የቀረኝ ትንሽ ጊዜ ናት።»

«ለመሰከረ ሠራተኛ ሕጉ ከለላ ይሰጣል። በዚህ ሰበብ ሊያባርሩዎት አይችሉም።»

«አንቺንስ በሕጉ ነው ያባረሩሽ?»

ልጅቷ ዞር ብላ እኔን አየች። እኔ ጣልቃ አልገባም፤ የሙያዬ ደንብ ነው። ሽማግሌው ግን ቀርቀሃውን እየሰነጠቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋዜጠኛው፣ ለመሆኑ ጠበቃው ምን አለ?»

ለተጠየቅኩት መመለስ ጣልቃ መግባት አይደለም። ደብተሬን ገለጥኩና የጻፍኩትን ቃል በቃል አነበብኩላቸው። «ፈረሶቹ በተደጋጋሚ በዋናው በር ወደ ግቢ እየገቡ…»

ቀርቀሃው ከእጃቸው ወደቀ። «በየትኛው በር?»

«በዋናው በር።»

«ማን ቆሞ ሳለ?»

የወደቀውን ቀርቀሃ ተሻግረው ወደ እኔ ቀረቡ።

«እኔ እዚያ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ! ዶሮ አላስገባሁም! አሥራ አንድ ፈረስ? በእኔ በር?» ወደ ቤት ዞረው ባለቤታቸውን ተጣሩ። «ካፖርቴን አውጪ!»

«ቀጠሮው እኮ ለማክሰኞ ነው፣ አባባ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ውስጥ ግን ሳቁ መጥቶ ነበር።

«ይታጠብና ይድረቅ ብዬ ነዋ!»

ማክሰኞ ችሎቱ ሞላ። ከወንዝ ማዶ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሰው መጥቷል። ጥበቃው በንጹሕ ካፖርት ቆመው ማሉ። ምስክርነታቸውን በአዊኛ መስጠት ስለፈለጉ አስተርጓሚ ተመደበላቸው። በዚህም የተነሣ ሳቁ በሁለት ዙር ነበር የሚመጣው፤ መጀመሪያ አዊኛ የሚሰማው ይስቃል፣ ትርጉሙ ሲያልቅ ደግሞ የቀረው። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ ሁለቴ ተፈተንኩ። ዳኛዋ አስተርጓሚው አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊታቸውን በመዝገቡ ሲከልሉ አይቻለሁ።

«ይህን ወረቀት የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ።»

«የምን ዝርዝር ነው?»

«የሰው። በአድማው ቀን ከበሩ ፊት የተቀመጡ ሠራተኞች ናቸው። ኃላፊው ለሰርቪስ ወንበር ነው ብሎኝ ነው የጻፍኳቸው።»

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ። «አባት፣ እዚህ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ያሳዩኝ።»

«ሁሉም ሰው ነው።»

«አምባላይ ሰው ነው?»

«አምባላይ ቤት ነው። እርስዎ በእኔ መንደር ቤት በቁጥር ነው የሚያገኙት?»

የመጀመሪያው ዙር ሳቅ። ትርጉም። ሁለተኛው ዙር።

«እንግዲያው» አለ ጠበቃው፣ «ፈረሶቹ ግቢ ገብተው አያውቁም ነው የሚሉት?»

«ልጄ» አሉ ጥበቃው፣ አሁን በአማርኛ፣ አስተርጓሚውን በእጃቸው ገታ አድርገው። «አራተኛው ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

«ቦራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር።»

«ይህ ወረቀት የተጻፈው መቼ ነው?»

«በኅዳር።»

«ቦራው በመስከረም ሞቷል። ቀብሬዋለሁ፤ ጉድጓድ ስቆፍር ወገቤን አሞኝ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ፣ ፈቃዱ ፋብሪካው ውስጥ አለ። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ቦራው ቤት ነው የሚባለው። እንግዲህ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ በመስከረም የሞተ ፈረስ በኅዳር እንዴት አድርጎ በእኔ በር እንደገባ ያስረዱኝ!»

ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም። ችሎቱ በአንድ ዙር ፈነዳ። ከኋላ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ባለ ቦራው እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ! አልሞትኩም!» ሲል ደግሞ ዳኛዋ ራሳቸው መዶሻውን ፈልገው አጡት፤ ከመዝገቡ ሥር ነበር። ጠበቃው ተቀመጠ። ፊቱን በመሐረብ ሲጠርግ ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር አስተውያለሁ፤ ምክንያቱን ስላልጠየቅኩት አልጽፍም።

ጸጥታ ሲመለስ ዳኛዋ ወደ ፋብሪካው ተወካይ ዞረው፣ ይህ ምስክር በመመስከሩ ምክንያት አንዳች ነገር ቢደርስበት ሕግ መጣስ እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ማስጠንቀቂያው መዝገብ ላይ እንዲሰፍርም አዘዙ። ጥበቃው ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል በአንድ እጃቸው አነሷት።

«ተይ፣ ተይ። ዶሮ አላስገባሁም ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን አልኩ?»

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነበበ። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕጋዊ በሆነ አድማ በመሳተፏ የተፈጸመ መሆኑን አረጋግጦ ሕገ ወጥ ነው አለ። ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወሰነ። ስለ ዝርዝሩ ዳኛዋ ያሉት፣ አንድን ሠራተኛ ለማሰናበት ምክንያት መሆን የማይችል ነገር ሌላ ቦታ እንዳይቀጠር ለማድረግም ምክንያት መሆን አይችልም ነው። ፋብሪካውም ወረቀቱን ለላከላቸው ሁሉ በማኅተም የተደገፈ መሻሪያ እንዲጽፍ አዘዙ። መሻሪያውን አይቻለሁ። «አምባላይን በሚመለከት ቀደም ሲል የላክነው መልእክት የተሻረ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ድንች አሻጊው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤው ሲደርሰው ለልጅቷ ደውሎ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋታል።

አዘጋጄ ዜናውን ሲያነብ በስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ «ሞተ የተባለው ፈረስ መሞቱን አጣርተሃል?» አለኝ።

«መቃብሩን አይቻለሁ» አልኩት።

ውሳኔው የሚመለከተው እሷን ብቻ ነው። ከቀሩት አሥር ሰዎች ዘጠኙ የየራሳቸውን ክስ አቅርበዋል፤ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ባለ በቅሎው አልከሰሰም። ፋብሪካው ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ከውሳኔው ቀጥሎ እስከ መጣው ሰኞ ድረስ እንዳላቀረበ ከመዝገብ ቤቱ ጠይቄ ተረድቻለሁ።

በዚያ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ በማሸጊያ ክፍሉ የመግቢያ መዝገብ ላይ ፈረመች። ፊርማዋ በስድስተኛው መስመር ላይ፣ ከመዝገብ ስሟ ጎን ነው።